ለታመመው ወንድምሽ የሚገባውን ጠይቂ

ልጄ፣

ወንድምሽ ከታመመ ወዲህ ቤታችሁ የሚገባ ሰው ሁሉ ምክር ይዞ እንደሚገባ አውቃለሁ። አንዱ ጠበል ውሰዱት ይላል፣ ሌላው ሼኽ እንጥራ ይላል፣ ሦስተኛው «ጫቱ ነው፣ ሲተወው ይሻለዋል» ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአእምሮ ጤና ነርስነት ነው፤ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሎጊያ፣ ሰመራና ዱብቲ ድረስ ብዙ ቤት ገብቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሲያንገበግበኝ የኖረ አንድ ነገር አለ። እግሩ የተሰበረ ሰው ጤና ተቋም ሲሄድ ካርድ አውጥቶ ተራውን ይጠብቃል። የአእምሮ ሕመምተኛ እናት ግን ገና ከበሩ ጀምራ ዘበኛውን፣ ካርድ ክፍሉን፣ ነርሷን ትለማመጣለች፤ ልጇ እንዲታከም ሳይሆን ምጽዋት እንዲሰጠው የመጣች ይመስላል። ይህን የምጽፍልሽ አንቺ እንዳትለማመጪ ነው። ወንድምሽ የሚገባው ነገር አለ፤ የሚገባውን ለመጠየቅ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

1. መጀመሪያ አካሉን አስመርምሪ።

አዋሽ ሸለቆ የወባ አገር ነው። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ድንገት ቢቀባጥር፣ ሰው መለየት ቢያቅተው፣ ሰውነቱም ቢተኩስ፣ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት የሚቆጠሩበት ሕመም ነው። በጠራራ ፀሐይ ጭነት ሲያወርድ የዋለ ሰውም ሙቀቱ መትቶት ሊቃዥ ይችላል። ከመኪና ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ለቀናት ሳይተኛ ጫት የቃመ ሰውም እንዲሁ። ወንድምሽ የጅቡቲ መስመር ረዳት ስለነበር እነዚህ ሁሉ ሊያገኙት ይችሉ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ ገና በሩ ላይ አይቶት «ይሄ የአእምሮ ነው» ብሎ ቢደመድም፣ «ደሙ ይታይልኝ፣ ሙቀቱ ይለካልኝ» በይ። የወባ ምርመራ መጠየቅ ሐኪም መድፈር አይደለም።

2. ከቅርቡ ጀምሪ።

ብዙ ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሚታየው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ብቻ ነው። አይፈረድበትም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላው አገር ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ከአዋሽ ሰባት አዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሰመራ ደግሞ ወደ 600 ይጠጋል። የተረበሸ ሰው ሚኒባስ ውስጥ አስሮ ያንን መንገድ መሄድ ራሱ ሕመም ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሄዶ ገንዘቡ ሲያልቅ ክትትሉ ይቋረጣል፤ ሕመሙም ይመለሳል። ከዚያ ሰዉ «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» የሚለውን ተረት ይጠቅሳል። ተረቱን አትመኚው። ሕመሙ የተመለሰው መድኃኒቱ ስለተቋረጠ ነው፤ መድኃኒቱም የተቋረጠው ሕክምናው ሩቅ ስለነበር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ መርሐ ግብር አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ተራው የጤና ጣቢያ ነርስና የጤና መኮንን ሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመምን፣ ድብርትን፣ የሚጥል በሽታንና የመጠጥ ሱስን እዚያው ያክሙ፤ የከበደውን ብቻ ወደ ላይ ይላኩ። ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ጤና ጣቢያው «እኛ ይህን አናክምም» ቢልሽ፣ «በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ ማን ነው? ቀኑ መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። እዚያ ከሌለ የሪፈር ወረቀት ተቀበይ። ለሰመራና ለሎጊያ ሰው ዱብቲ ሆስፒታል ቅርብ ነው። አዲስ አበባ መሄድ ግድ ከሆነም ስትመለሱ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ዝርዝርና የክትትሉን ሁኔታ ጽፎ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ያ ወረቀት በእጅሽ ካለ የሚቀጥለውን መድኃኒት እዚሁ መውሰድ ይቻላል።

3. ሰንሰለቱ ይፈታ።

ይህን ቀስ ብዬ ልንገርሽ። ሰው ወንድሙን የሚያስረው ስለሚጠላው አይደለም። ቤታችሁ መንገድ ዳር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከባድ መኪና ያልፋል። ወዲያ ማዶ ወንዙ አለ፣ አዞውም አለ። ፀሐዩ በረሃ የገባን ሰው ውሃ ሳያገኝ ይገድላል። እናትሽ ልጇ ወጥቶ እንዳይቀር ብላ ነው ያሰረችው። ማንም ተነሥቶ እናትሽን ጨካኝ ቢላት አልወድም።

ሰንሰለት የሚያደርገውን ግን አይቻለሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ ከዳስ ምሰሶ ጋር የታሰረ ወጣት ነበር። ብረቱ ቆዳውን እንዳይልጠው እናቱ ከሥሩ ጨርቅ ጠቅልላለት ነበር፤ ጨርቁን እያጠበች ትቀይርለታለች። እንዲያም ሆኖ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ዙሪያውን ጠቁሮ ቆስሏል። ቁልፉን ስንጠይቅ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ፤ ከታሰረ ቆይቷልና። በመጨረሻ ከጋራዥ የብረት መጋዝ ተውሰን ቆረጥነው። እግሩ ነፃ ሲወጣ ሮጦ ይጠፋል ብሎ ሁሉም በሩን ከቦ ቆሞ ነበር። እሱ ግን መቆም አልቻለም፤ ባቱ መንምኖ ጉልበቱ ተጣጥፎ ቀርቷል። ውሃ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ ከዚያ መታጠብ እፈልጋለሁ አለ።

ሕጉ ከጎንሽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ከሕግ ውጭ ነፃነቱን እንዳያጣ፣ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝም እንዲጠበቅ ይደነግጋል፤ ለአእምሮ ሕመምተኛ ሲሆን ይቀራል የሚል ቃል የለበትም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአእምሮ ሕመም የተጎዱትን ይጨምራል፤ ጉዳቱ ብቻውን ሰውን ለማሰር ምክንያት አይሆንም ይላል።

ሕግ ብቻውን ግን ቁልፍ አይከፍትም፤ የሚከፍተው ሕክምና ነው። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን አሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቅርባቸው እንዲታከሙ አድርገው ነበር። ሥራው ሲጀመር ከአራቱ አንዱ ገደማ ይታሰር ነበር። ከአንድ ዓመት ክትትል በኋላ የሚታሰረው ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ብቻ ሆነ። ገጠር ነው፤ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት ያከመችው።

እስከዚያው ምን ላድርግ ትይኛለሽ። ጊሌውንም፣ ጠመንጃውንም፣ ቢላውንም ከቤት አውጡ፤ ይህ ቀዳሚው ነው። የሚወደውና የሚሰማው ሰው ማን እንደሆነ ለዪ፤ እሱ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ሌላው ሰው ይበተን። አሥር ሰው ከቦት «ተረጋጋ» ሲለው ሊረጋጋ አይችልም። ጥላ፣ ውሃ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ። እንቅልፍ አጥቶ ከተረበሸ ጤና ጣቢያ ሂዱና ባለሙያ መጥቶ እንዲያየው ጠይቁ፤ እንቅልፍ ካገኘ ግማሹ ይቀላል። ሌሊት ተራ ገብታችሁ ጠብቁት፤ ከባድ ነው፣ ግን የሚያልፍ ሳምንት ነው።

4. መድኃኒቱን በስሙ እወቂው፤ ሙቀታችንንም አትርሺ።

አዲስ አበባ ተጽፎ የመጣ ማዘዣ የአፋርን ፀሐይ አያውቀውም። ስለዚህ ይህን ለባለሙያው አንቺ ማስታወስ ይኖርብሻል።

ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የሚባሉት፣ በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚንም፣ የማይሰማ ድምፅ መስማትን፣ ያለ ምክንያት መጠርጠርንና ረብሻን ያበርዳሉ። ደግ መድኃኒቶች ናቸው። ግን ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣበትን መንገድ ያውካሉ። ለመንቀጥቀጡ አብሮ የሚሰጠው አርቴንም ላብ ይቀንሳል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንባት ሰመራ ላብ የማይወጣው ሰው አደጋ ላይ ነው። ወንድምሽ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ሥር ይሁን፣ ሳይጠማው ይጠጣ፣ ልብሱን አርጥቦ ይልበስ። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል፤ ሽርጡን ራሱ ላይ ይጣል። ሰውነቱ ግትር ብሎ፣ ትኩሳት ይዞት፣ ሐሳቡ ከተደበላለቀ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል አድርሺው።

ሊቲየም ከታዘዘለት የበለጠ ተጠንቀቂ። ሊቲየም በደም ምርመራ የሚለካ መድኃኒት ነው፤ ምርመራው በማይገኝበት ቦታ እንዴት እንደሚከታተሉት ገና ሲያዝዙልሽ ጠይቂ። ሰው ብዙ አልቦት፣ አስቀምጦት ወይም አስመልሶት ውሃው ሲያልቅ ሊቲየሙ ደሙ ውስጥ ይከማቻል። እጁ በኃይል ሲንቀጠቀጥ፣ ሲንገዳገድ፣ ሲያስመልሰው ካየሽ መድኃኒቱ በዝቶበታልና ወደ ሐኪም ሩጪ።

ረመዳን ሲመጣ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጭራሹን ያቆማል፤ ከረመዳን በኋላ ባለው ወር የሚመለስብን ሕመምተኛ ብዙ ነበር። ሳይደርስ ቀድማችሁ ባለሙያውን አማክሩ። የብዙው መድኃኒት ሰዓት ወደ ማፍጠሪያና ወደ ስሁር ሊዛወር ይችላል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ ለመዋል ሳይነሣ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። በሽተኛ ከጾም እንደሚፈታ ሃይማኖቱ ራሱ ይናገራል፤ ይህን ሼኹ ቢነግሩት ከእኔና ካንቺ ይልቅ ይሰማቸዋል።

አንገቱ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ ምላሱ ሲከብድ፣ ዐይኑ ወደ ላይ ሲሰቀል የምታዪ ከሆነ አትደንግጪ፤ ሰይጣኑ አልጠናበትም። የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፤ በመርፌ ወይም በኪኒን ቶሎ ይለቃል። ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ መድኃኒቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ምን መድኃኒት እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ጉዳት እንዳለው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወሰድ ባለሙያው በሚገባችሁ ቋንቋ ሊነግራችሁ ይገባል። ሳይነገራችሁ ከክፍሉ አትውጡ።

ኪኒኑን ከቆርቆሮው ግድግዳ አርቂው። የውሃ እንስራው ከሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ጥግ፣ እርጥበት በማይነካው ዕቃ ውስጥ አድርጊው።

5. እሱን ጠይቂው።

ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዢ ብባል ይህንን ነበር የማስይዝሽ። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ሁሉም ሰው ስለ ወንድምሽ ያወራል፤ እሱ እዚያው ተቀምጦ። «ይጮሃል»፣ «አይበላም»፣ «ሌሊት ይወጣል»። ሐኪሙም ለአንቺ ይናገራል፣ ማዘዣውንም ለአንቺ ይሰጣል። የታመመ ሰው ግን የራሱ ባለቤት መሆኑ አልቀረም። የትኛው መድኃኒት ከዚህ ቀደም እንደረዳው፣ የትኛው እንዳደነዘዘው፣ መርፌውን ወይስ ኪኒኑን እንደሚመርጥ የሚያውቀው እሱ ነው። ያመጣችሁት አስገድዳችሁ ቢሆንም እንኳ ጠይቁት። ዛሬ ባይመልስ ነገ ይመልሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከከተማ ወጣ ያለው አፋር ወንድማችን ሆስፒታል ሲገባ ብዙ ጊዜ አማርኛ ለሚናገር ባለሙያ ነው የሚቀርበው። የሚያስተረጉመው አብሮት የመጣ ዘመድ ነው። ባለሙያው «የማይታይ ሰው ሲያናግርህ ትሰማለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዘመድየው በሁለት ቃል ያስተላልፋል። በሽተኛው ብዙ ደቂቃ በአፋርኛ ይናገራል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ እንባው ይመጣል። ዘመድየው ዞሮ «ደህና ነኝ ይላል» ይላል። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። አሳፍሮት ነው፤ የቤተሰቡን ገበና ማውጣት ከብዶት ነው። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን የአንድ ሰው ሕክምና ይበላሻል። አንቺ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርተሽ ትናገሪያለሽ። ወንድምሽን ይዘሽ ስትሄጂ እንዲህ ያለ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ብታዪ፣ ፈቃዱን ጠይቀሽ የተናገረውን በሙሉ አስተርጉሚለት። የሆስፒታሉንም ኃላፊ አስተርጓሚ እንዲመድቡ ጠይቂ። አንድ ክልል የራሱ የሥራ ቋንቋ ኖሮት በሽተኛው በቋንቋው ሳይሰማ መቅረቱ ልክ አይደለም።

6. ጠበሉና ቁርኣኑ።

ሕክምናው መጥቶ ጸሎቱን ያባርር የሚል ሰው አትስሚ፤ ጸሎቱ ሕክምናውን ያባርር የሚለውንም እንዲሁ። አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ የአእምሮ ሐኪሞችና የጠበሉ አባቶች ተነጋግረው ሕመምተኞች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አድርገዋል። ሸንኮራ ዮሐንስም ብትወስጂው፣ ሼኹም ቤት መጥተው ቁርኣን ቢቀሩለት፣ ኪኒኑ ኪሱ ውስጥ ይኑር። መደብደብ፣ ማስራብ፣ በጭስ ማፈን ካለበት ግን ያ ጸሎት አይደለም፤ ይዘሽው ውጪ።

7. ስለ ገንዘብ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በወረዳችሁ ካለ ሳትዘገዩ ተመዝገቡ። መክፈል የማትችሉ ከሆነ ቀበሌው የነፃ ሕክምና ዝርዝር ውስጥ እንዲያስገባችሁ ጠይቁ። የአእምሮ ሕመም ከዚህ አይገለልም።

8. ሌላው ሕመሙ እንዳይረሳ።

ቡታጅራ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት አስጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ፤ ከዚያም ለአሥር ዓመት ተከታተሏቸው። የተገኘው ያስደነግጣል። የሞቱት ሰዎች መኖር ከሚገባቸው ዕድሜ ወደ ሦስት አሥርት ዓመት ገደማ ቀድመው ነው የሞቱት። ብዙዎቹን የገደላቸው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ሌላው ሰው ታክሞ የሚድንበት ዓይነት።

ምክንያቱ አይገርመኝም። የአእምሮ ሕመምተኛ «ሆዴን ያመኛል» ሲል የሚሰማው ያጣል፤ «ያው ሕመሙ ነው» ይባላል። ሲያስል የቲቢ ምርመራ አይታዘዝለትም። ሲከሳ የሚመዝነው የለም። ወንድምሽ አመመኝ ካለ አመመው ማለት ነው። ሙቀቱ ይለካ፣ ክብደቱ ይመዘን፣ አክታው ይመርመር። አሁን ለመናገር አፉ የማይፈታለት ከሆነም ዐይንሽ ይናገርለት፤ ሲታጠብ ገላውን እዪ፣ ምን ያህል እንደበላ እዪ።

9. መሬቱ የተንቀጠቀጠ ጊዜ የቀረብን ነገር።

በ2017 ዓ.ም ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬቱ ደጋግሞ ሲናወጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ወጥቷል። ከዚያ በፊትም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ የሰሜኑን አፋር ሕዝብ አፈናቅሎ፣ ዱብቲ ሆስፒታል በቁስለኛና በተራበ ሕፃን ተጨናንቆ እናስታውሳለን። ከዚያ ሁሉ በኋላ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ ጣሪያ ሥር መተኛት ያቃተው፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው በጊዜ፣ በእንቅልፍ፣ ከሰው ጋር በመሆን ይሻለዋል። ዳጉ ያላቸው ሕዝቦች በዚህ ዕድለኞች ናቸው፤ ሰው ሰውን ሲያገኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን የሚነጋገርበት ባህል ሐዘንን ለብቻ ከመሸከም ያድናል። ወር አልፎ መሥራትና መብላት ከከለከለው ግን ሕክምና ይፈልጋል።

እርዳታ ሲመጣ ዱቄት፣ ዘይትና ድንኳን ይቆጠራል። ቀድሞ በሕክምና ላይ የነበረው ሰው ግን መድኃኒቱ ፈርሶ በቀረው ቤቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ማንም አይጠይቀውም። ወንድምሽ እንቅልፍ ያጣው መሬቱ በተንቀጠቀጠበት ሰሞን መሆኑን ነግረሽኛል። በመጠለያ ያለ ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታም ሆነ የአእምሮ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ገና ሲመዘገብ ሊጠየቅ ይገባል። ይህን ለሚመዘግቡት ልጆች ሁሉ ተናገሪ።

10. ንብረቱና ሥራው የእሱ ነው።

አጎታችሁ «አሁን ምን ያደርግለታል» ብሎ የወንድምሽን ግመሎችም ሆነ የውርስ ድርሻውን እንዳይነካ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድን አካለ መጠን ያደረሰ ሰው በሕመሙ ምክንያት ራሱን እንዳያስተዳድር የሚከለክለው ፍርድ ቤት ነው፤ የቤተሰብ ስብሰባ አይደለም። ሲሻለው ወደ ሥራው መመለስ ይፈልጋል፤ የ2000 ዓ.ም የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ በጉዳቱ ምክንያት ማግለልን ይከለክላል። እንቅልፍ የሚያስይዝ መድኃኒት እየወሰደ መሪ መያዝ የለበትም። ዕቃ መመዝገብ፣ ጋራዥ ውስጥ መርዳት፣ ሱቅ መጠበቅ ግን ይችላል። ሰው ሥራ ሲያገኝ የሚሻለውን ያህል በመድኃኒት ብቻ ሲሻለው አላየሁም።

ፖሊስ ይዞት እንደሆነ ደግሞ የሕክምና ወረቀቱን ይዘሽ ወዲያው ሂጂ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 48 በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ያላወቀ ሰው በወንጀል ተጠያቂ እንደማይሆን ይናገራል፤ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲያየው ሊያዝ፣ ከእስርም ይልቅ ሕክምና ሊወስንለት ይችላል።

11. መተኛት ካስፈለገው።

አንዳንዴ ሆስፒታል መተኛት ግድ ይሆናል፤ ራሱን ሊያጠፋ ሲያስብ፣ ምግብ ውሃ እምቢ ሲል። ያን ጊዜ አትፍሪ። ግን ተኛ ማለት ተጣለ ማለት አይደለም። ለምን እንደተኛ፣ እስከ መቼ እንደሚተኛ ለእሱም ለአንቺም ይነገር። ጠይቁት፣ ምግብ ውሰዱለት፣ የግል ልብሱን ይልበስ። ማንም አይምታው። አማኑኤል የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው ብዬሽ ነበር፤ ያቺው ጣሊያን ግን እ.ኤ.አ. በ1978፣ ፍራንኮ ባዛሊያ የሚባል ሐኪም ለዓመታት ከተሟገተ በኋላ፣ ሰው ገብቶ የማይወጣባቸውን የአእምሮ ሕሙማን ቤቶች በሕግ መዝጋት ጀመረች። ሕክምናውን ወደ ሠፈር አወረደችው። እኛም በአገራችን አቅም መሄድ ያለብን ወደዚያው ነው። የእኛ ደግሞ ይቀላል እላለሁ፤ ቤተሰቡ አልተበተነም፣ ጎረቤቱ አለ።

12. እምቢ ሲሉሽ።

መጀመሪያ የተቋሙን ኃላፊ ጠይቂ። ካልተሰማሽ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ሰመራ ያለው የክልሉ ጤና ቢሮ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ሰመራ ጽሕፈት ቤት አለው፤ የታሰረ፣ የተደበደበ ወይም ሕክምና የተከለከለ ሰው ጉዳይ የእነሱ ጉዳይ ነው። ቀኑን፣ ያነጋገርሽውን ሰው ኃላፊነት፣ የተባልሽውን በደብተር ጻፊ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና የሚመድበውን ሀብት ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዲያሳድግ፣ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠንም በአካልና በአእምሮ የተጎዱትን እንዲረዳ ያዝዛል። አቅም የለም የሚል መልስ ታገኛለሽ። አቅም የሚመደበው ግን ጠያቂ ላለው ነገር ነው። የወባ መድኃኒት ሲጠፋ አገር ይጮሃል፤ የአእምሮ መድኃኒት ወር ሙሉ ሲጠፋ የሚጮህ የለም። አዲስ አበባ ላይ ታክመው የተሻላቸው ሰዎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር መሥርተው ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ወንድምሽም አንድ ቀን ከአዋሽ ይናገር ይሆናል።

13. አንቺም ተኚ።

ሌሊቱን ሁሉ አንቺ ብቻ የምትጠብቂ ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ አንቺም ትታመሚያለሽ። ወንዶቹ ወንድሞችሽ ተራ ይግቡ። እናትሽ አትጠብቅ፣ ደክማለች።

የፊታችን ሰኞ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ወንድምሽን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ እስካሁን የወሰደውን ኪኒን ከነካርቶኑ ያዢ። ከዚያ በፊት እናትሽን አሳምኚና ሰንሰለቱን አስፈቺለት። ቅዳሜና እሑድ ሌሊት እኔ መጥቼ ከእሱ ጋር አድራለሁ።